ግሉኮሱ ይሰቀልለት?

እኛ አገር ታሞ ሐኪም ቤት የገባ ሰው ግሉኮስ ካልተሰቀለለት ታከመ አይባልም። አስታማሚው በር ላይ ቆሞ «ኧረ ሲስተር፣ ግሉኮስ እንኳ ስቀሉለት» ይላል። እኔ አልስቅበትም፤ አይሲዩ፣ ማለትም የጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ያለነውም ከእሱ ብዙ አንርቅም። ግፊቱ ወረደ፣ እጅ እግሩ ቀዘቀዘ ሲባል እጃችን ቀድሞ የሚሄደው ወደ ፈሳሹ ከረጢት ነው። የተማርነውም ይህንኑ ነው። ቶሎ ስጥ፣ በደንብ ስጥ። ማን ይከራከራል?

የተከራከሩት እዚሁ ጎረቤት ያሉ ሐኪሞች ናቸው። ፊስት በሚባለው ጥናት ስድስት ሆስፒታሎች ተባበሩ፤ አራቱ ኡጋንዳ፣ አንዱ ኬንያ ኪሊፊ፣ አንዱ ታንዛኒያ። ቬንትሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) እንደልብ የሚገኝባቸው ቦታዎች አይደሉም። ከባድ ትኩሳት ይዟቸው፣ ደማቸው በደንብ መዘዋወር አቅቶት የመጡ ልጆች በእጣ ለሦስት ተከፈሉ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ወባ ነበረባቸው። አንዱ ቡድን አልቡሚን (ከሰው ደም የሚዘጋጅ የፕሮቲን ፈሳሽ) በፍጥነት ተሰጠው፣ ሁለተኛው ኖርማል ሳላይን (የጨው ውኃ) በፍጥነት ተሰጠው፣ ሦስተኛው በፍጥነት የሚሰጥ ፈሳሽ ቀርቶበት የዕለት ፍጆታውን ብቻ በዝግታ አገኘ። አንቲባዮቲኩ፣ የወባ መድኃኒቱ፣ ደሙ፣ ኦክስጅኑ ለሁሉም እኩል ነው።

ሐሳቡ 3,600 ልጆች ለማካተት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ ላይ፣ በእኛ ጥር 2003 መሆኑ ነው (ከዚህ በኋላም «በእኛ» ካላልኩ ዓመቱ የፈረንጅ ነው)፣ ቁጥሩ 3,141 ላይ ሲደርስ ደኅንነቱን የሚከታተለው ቡድን አቁሙ አለ። በ48 ሰዓት ውስጥ የሞቱት በፍጥነት አልቡሚን ከተሰጣቸው 10.6 ከመቶ፣ ሳላይን ከተሰጣቸው 10.5 ከመቶ፣ ምንም ካልተጨመረላቸው ደግሞ 7.3 ከመቶ ሆኖ ተገኘ። ከመቶው ልጅ ሦስት ያህሉን የገደለው እኛ አድን ብለን የምንሰቅለው ነገር ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ተቅማጥና ትውከት ይዟቸው ውኃቸው ያለቀ ልጆች፣ በምግብ እጥረት በጣም የተጎዱትም፣ ጥናቱ ውስጥ አልነበሩም። ተቅማጥ ያጠናበት ልጅ ፈሳሽ ይፈልጋል። ይህን አንብቦ ኦአርኤስ የሚከለክል ሰው ካለ ከእኔ ጋር ተጣላ።

ከቁጥሩ ይልቅ እኔን እንቅልፍ የነሳኝ በኋላ የወጣው ትንተና ነው። ፈሳሹ ከገባ ከአንድ ሰዓት በኋላ ልጆቹን ሲያዩአቸው የሾክ፣ ማለትም ደም በደንብ ያለመዘዋወር፣ ምልክታቸው የጠፋላቸው በፍጥነት ከተሰጣቸው ቡድን ውስጥ በዝተው ነበር። አስቡት እስቲ። ተረኛዋ ነርስ ፈሳሹን ሰጠች፣ እጁን ነካች፣ ሞቀ። የልብ ምቱ ተስተካከለ። ቻርቱ ላይ «ተሻሽሏል» ብላ ጻፈች። ያየችው ውሸት አይደለም፣ በእርግጥ ተሻሽሏል። ሞቱ የመጣው በኋላ ነው፣ ምናልባትም በሌላ ሰው ተራ። ያንን ከመቶ ሦስት ልዩነት ከአልጋው አጠገብ ቆማ የምታይበት መንገድ የለም። ሃያ ዓመት የሠራ ፕሮፌሰርም አያየውም። ወደ አይሲዩ የሚገባ ሰው ብዙው ለሞት የቀረበ ነው፤ ስለዚህ ሲሞት «ከሕመሙ ነው»፣ ሲድን «ከእኛ ነው» ማለት በጣም ይቀላል።

እጣው ለዚህ ነው የሚያስፈልገው። ለማን ይሰጥ የሚለውን ለሐኪሙ ከተውንለት በጣም ለታመመው ይሰጣል፤ በጣም የታመመው ይበልጥ ይሞታል፤ ከዚያ መድኃኒቱ ገደለ ወይስ ሕመሙ የሚለው እንደተድበሰበሰ ይቀራል። አንድ ሆስፒታል ብቻውን የማይበቃውም ለዚህ ነው። ስምንት አልጋ ያለው አይሲዩ ከመቶ ሦስት የሚሆን ልዩነት ለማየት የሚበቃ ሰው እስኪያገኝ ድረስ ጥናቱን የጀመሩት ሰዎች ጡረታ ይወጣሉ።

ደግሞ አንድ ሆስፒታል ሊያሳስትም ይችላል። የስኳሩን ታሪክ የአይሲዩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ቤልጅየም ሉቨን ውስጥ በ2001 የወጣ ጥናት ነበር፤ በአንድ የቀዶ ጥገና አይሲዩ 1,548 ሰው። የደም ስኳራቸውን በኢንሱሊን ጠበቅ አድርጎ በ80 እና በ110 መካከል መያዝ አይሲዩ ውስጥ የሚሞተውን ከ8 ከመቶ ወደ 4.6 ከመቶ አወረደ ተባለ። ዓለም ተቀበለው። መመሪያ ተጻፈ፣ ስልጠና ተሰጠ። ከዚያ የአውስትራሊያ፣ የኒውዚላንድ፣ የካናዳና የአሜሪካ 42 ሆስፒታሎች ተሰብስበው 6,104 ሕሙማን ላይ ሞከሩት። ናይስ ሹገር ይባላል፣ ውጤቱ በ2009 ወጣ። በ90 ቀን ውስጥ ጠበቅ ከተደረገባቸው 27.5 ከመቶ፣ ላላ ከተደረገላቸው 24.9 ከመቶ ሞቱ። ስኳራቸው አደገኛ እስኪሆን የወረደባቸውም ጠበቅ በተደረገባቸው ብዙ እጥፍ ነበሩ። የሉቨን ሰዎች ዋሽተዋል አላልኩም። አንድ ቤት፣ አንድ ዓይነት አመጋገብ፣ በደንብ የሰለጠኑ ነርሶች፤ የእነሱ እዚያ ሊሠራ ይችላል። ሌላው ቦታ ግን አልሠራም። ስትሪፕ አልቆ የስኳር መለኪያው ጠረጴዛ ላይ በሚተኛበት አገር ደግሞ በየሰዓቱ ስኳር እየለኩ ኢንሱሊን ማስተካከል ምን ሊሆን እንደሚችል እናንተው ገምቱ።

እነዚሁ የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ሰዎች ከዚያ በፊት በ2004 ሴፍ የሚባል ጥናት ነበራቸው። 16 አይሲዩ፣ ወደ 7,000 የሚጠጋ ሕመምተኛ። ውድ የሆነው አልቡሚን ከርካሹ ሳላይን ይሻላል ወይ ነው ጥያቄው። በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት አልቡሚን ካገኙት 726፣ ሳላይን ካገኙት 729። በሦስት ሰው ነው የተለያዩት። ጭንቅላታቸው ላይ ከባድ አደጋ የደረሰባቸውን ለብቻ ሲያዩ እንዲያውም አልቡሚኑ የባሰ ሆኖ ተገኘ። ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ ጋ «ውጭ ግዙ» ተብሎ ወረቀት የተሰጠው ቤተሰብ አልቡሚን ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ ሲንከራተት፣ ከዘመድ ሲበደር አያለሁ። ለጉበት ሕመምተኛና ለአንዳንድ ችግር ቦታ አለው፣ እሺ። ግፊት ወረደ ተብሎ ብቻ ሲታዘዝ ግን አንድ ቤተሰብ ለምን በሬ እንደሚሸጥ መጠየቅ አለብን።

ከሁሉም የምወደው ግን ምንም የማያስወጣው ነው። ሳንባው የተጎዳን ሰው ቬንትሌተር ላይ ስናደርገው በአንድ ትንፋሽ ምን ያህል አየር እንስጠው? ድሮ ብዙ ነበር የሚሰጠው፣ የደሙ ጋዝ፣ ማለትም በደሙ ያለው ኦክስጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ እንዲያምር። በ2000 አሜሪካ ውስጥ በአንድ መረብ የተያያዙ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች 861 ሰው ላይ ሁለቱን አወዳደሩ፤ በኪሎ 12 ሚሊ ሊትር ወይስ 6? በ12ቱ 39.8 ከመቶ ሞቱ፣ በ6ቱ 31 ከመቶ። አዲስ መድኃኒት የለ፣ አዲስ ማሽን የለ፤ ቁልፉን ወደታች ማዞር ብቻ።

ግን ኪሎው የሚሰላው በሚዛን አይደለም፣ በቁመት ነው። ሰው ሲወፍር ሳንባው አብሮ አይወፍርም። አንድ ሜትር ከሰባ የሆነ ወንድ 90 ኪሎ ቢመዝንም ለስሌቱ 66 ኪሎ ነው የሚያዘው፤ ስለዚህ 400 ሚሊ ሊትር ገደማ ይበቃዋል። ቁመቱን ደግሞ ተኝቶ፣ ራሱን ስቶ፣ ቱቦ ገብቶለት ነው የምትለካው። እኛ ክፍል መሳቢያ ውስጥ የልብስ ሰፊ ሜትር አለ፣ ያች ቢጫዋ። አንዱ ተረከዙ ላይ ይይዛል፣ ሌላው ፍራሹን አስተካክሎ አናቱ ላይ ያደርሳል፤ የታጠፈ ጉልበት ካለ ቀስ አድርጎ መዘርጋት ነው። ውጤቱ በማርከር ተጽፎ ማሽኑ ላይ ይለጠፋል። ሜትሯ ስትጠፋ ሰው በዓይኑ ይገምታል፤ በዓይን ሲገመት ደግሞ ሁሉም ወንድ አንድ ሰማንያ ይሆናል።

አሁን ወደ ኮቪድ። እንግሊዞች ሪከቨሪ የሚባለውን ጥናት መጋቢት 2020 ላይ ጀመሩ፤ በአገሪቱ ያሉ ሆስፒታሎች በሙሉ ማለት ይቻላል ገቡበት። ቅጹ አጭር ነበር፣ ብልኃቱም እዚያ ላይ ነው፤ በሥራ የተወጠረ ሐኪም ሊሞላው የሚችል። በሦስት ወር ውስጥ፣ ሰኔ 9 ቀን 2012 በእኛ፣ ዴክሳሜታዞን የሚባለው የሰውነት መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት ቬንትሌተር ላይ ካሉት ውስጥ የሚሞተውን በሲሶ ያህል እንደሚቀንስ ተናገሩ። ዴክሳ! ጤና ጣቢያ ሁሉ ያለው ዴክሳ። የእኛም ጤና ሚኒስቴር በዚያው ሰኔ ወር ኦክስጅንና ቬንትሌተር ለሚያስፈልጋቸው እንዲሰጥ አለ። ኦክስጅን ለማይፈልገው ሰው ግን ጥቅም አልታየበትም፤ እሱን የሰማ ጥቂት ነው፣ በየሰፈሩ ሳል የያዘው ሁሉ ዴክሳ ሲወጋ ነበር። የጥናቱ ግማሽ ብቻ ነው አገር ውስጥ የገባው።

ይህን ሁሉ ስል «እንግዲህ ነጮቹ ያጥኑልን፣ እኛ እንጠቀም» የሚል ሰው ይኖራል። ለእሱ የአረፋውን ታሪክ ልንገረው። በብል ሲፓፕ ቀላል ነገር ነው። የሳንባ ምች የያዘው ልጅ በአፍንጫው ኦክስጅን ይገባለታል፣ የሚያስወጣው አየር ደግሞ በቱቦ ሄዶ ውኃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይወጣል። ቱቦው ውኃው ውስጥ በጠለቀ መጠን ሳንባው ውስጥ ትንሽ ግፊት ይቆያል፣ ሳንባው አይጨማደድም። ባንግላዴሽ ዳካ ላይ በሻምፑ ጠርሙስ ሠርተው ሞከሩት፤ በ2015 በወጣው ውጤት በተራ ኦክስጅን 15 ከመቶ ሲሞት በአረፋው 4 ከመቶ ሆነ። እልል ተባለ። ማላዊ ሳሊማ በሚባል የወረዳ ሆስፒታል ደግሞ 644 ልጆች ላይ ተሞከረ፤ ኤችአይቪ ያለባቸው፣ የተጎሳቆሉ ወይም ኦክስጅናቸው በጣም የወረደ ልጆች ናቸው፤ በየቀኑ የሚከታተል ሐኪምም አልነበረም። እዚያ በአረፋው 17 ከመቶ፣ በተራው ኦክስጅን 11 ከመቶ ሞቱ። ያው አረፋ፣ ያው ውኃ!

ታዲያ ለኢትዮጵያ የትኛው ይሁን? የዳካው ወይስ የማላዊው? ተቀምጦ በመከራከር አይገኝም። የኛ ልጆችና የእኛ ሐኪሞች ባሉበት መሞከር ነበረበት፣ ተሞከረም፤ በ12 ጠቅላላ ሆስፒታሎች፣ ከባንግላዴሾቹ ጋር በመተባበር። ሐኪም በየቀኑ በሚያይበት ሁኔታ አረፋው የተሻለ ሆኖ ተገኘ፣ ውጤቱም በ2024 ታትሟል። እኔ ከዚህ የተረዳሁት ጠርሙሱ ብቻውን መድኃኒት እንዳልሆነ ነው። ጠርሙሱን ዞር ብሎ የሚያየው ሰው የመድኃኒቱ አካል ነው፣ ስለዚህ ሰው በሌለበት ጠርሙስ ማከፋፈል አደጋ አለው። ለጋሾች ደግሞ ጠርሙስ ማከፋፈል ይወዳሉ፤ ፎቶ ላይ ይወጣላ።

የፈሳሹም ነገር በአዋቂዎች ላይ እንዲሁ ነው። ዛምቢያ ሉሳካ ውስጥ ኢንፌክሽን ደማቸው ውስጥ ገብቶ ግፊታቸው የወረደ አዋቂዎች ላይ በ2017 የወጣ ጥናት አለ፤ በፕሮቶኮል (አስቀድሞ በተጻፈ አሠራር) ብዙ ፈሳሽ ከተሰጣቸው 48.1 ከመቶ፣ በተለመደው መንገድ ከታከሙት 33 ከመቶ ሞቱ። በሀብታም አገር የተደረጉት ትልልቅ ጥናቶች እንዲህ ያለ ጉዳት አላዩም። ግን የሉሳካው አንድ ሆስፒታል ነው፣ 212 ሰው ነው፣ አብዛኞቹም ኤችአይቪ ያለባቸው ናቸው። የሉቨኑን ስኳር በተጠራጠርኩበት ዓይን ይህንንም መጠርጠር አለብኝ፣ ምንም ልቤ ወደ እሱ ቢያዘነብል። እኛ ጋ ግፊት ለወረደበት አዋቂ ስንት ከረጢት ይበቃል የሚለው በእኛው ሰዎች፣ በብዙ ሆስፒታል፣ በእጣ መታየት ያለበት ጥያቄ ነው። ግፊት የሚያነሳው መድኃኒት ኖርአድሬናሊን አንድ ሳምንት ኖሮ አንድ ሳምንት በሚጠፋበት ሁኔታ መልሱ ከለንደኑ ጋር አንድ ይሆናል ብዬ አላምንም።

መቁጠሩ ራሱ እንኳ ጀምሯል። በ2020 በኮቪድ ጊዜ አሥር የአፍሪካ አገሮች፣ ኢትዮጵያም አለችበት፣ በ64 ሆስፒታሎች አይሲዩ የገቡትን ተከታትለው ነበር፤ በ30 ቀን ውስጥ 48.2 ከመቶ ሞተዋል፣ ከሌላው ዓለም በጣም የሚበልጥ። ይግባልን ተብሎ ከተጠየቀላቸው ደግሞ አልጋ ያገኙት ከግማሽ ትንሽ ቢበልጡ ነው። በ2025 የወጣው ሌላው ቆጠራ ይብሳል፤ በ22 የአፍሪካ አገሮች 180 ሆስፒታሎች ውስጥ ወደ 20,000 የሚጠጋ ሰው በአንድ ቀን እየዞሩ አዩ። ከስምንቱ አንዱ በጽኑ የታመመ ነው። ከእነዚህ ከአሥሩ ሰባት ያህሉ የተኙት አይሲዩ ውስጥ ሳይሆን ተራ ዋርድ ላይ ነው። መተንፈስ ካቃታቸው ውስጥ ኦክስጅን የተደረገላቸው ግማሽ እንኳ አይሞሉም። የእኛን ሙያ ኩራት የሚያስተነፍስ ነገር ነው፤ እኛ ስለ ቬንትሌተር ቁልፍ ስንከራከር ኮሪደሩ ማዶ አፍንጫው ላይ ቱቦ የሚያደርግለት ያጣ ሰው አለ። ቆጠራው ባይኖር ግን «አይሲዩ እንጨምር» ብቻ እያልን እንቀጥል ነበር።

ቅሬታዬንም ልናገር። የሠራሁባቸው ቦታዎች ላይ ቅጹን የምትሞላው ነርስ ውጤቱን አትሰማም። የሌሊት ተረኛ ሆና፣ አንድ ለሦስት አልጋ ቆማ፣ ሽንቱን ለክታ፣ ሞኒተሩን አይታ ትጽፋለች፤ ከዓመት በኋላ ጽሑፉ በሌላ ሰው ስም ታትሞ በቴሌግራም ስታየው ነው «ይሄ ያኛው አይደለም እንዴ» የምትለው። ከዚያም የሚቀጥለውን ቅጽ በግዴለሽነት ትሞላለች፣ አልፈርድባትም። ሌላው ደግሞ ጥናቱ ሲያልቅ መዝገቡም አብሮ ማለቁ ነው። ከስሪላንካ ተነስቶ አሁን የእስያና የአፍሪካ አይሲዩዎችን የሚያገናኘው የመዝገብ መረብ፣ ኢትዮጵያም የገባችበት፣ እኔን ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው። መዝገቡ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ጥናት ሲመጣ እላዩ ላይ ይቀመጣል።

«እናቴን መሞከሪያ ልታደርጓት ነው?» የሚል ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ገጥሞኛል፣ ጥያቄውም ተገቢ ነው። እኔ የምመልሰው እንዲህ ነው። ሁለቱም መንገድ ዛሬ በሐኪሞች የሚሠራበት ነው፤ የትኛው እንደሚሻል የሚያውቅ ሰው ቢኖር እጣ አናወጣም ነበር፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴ አይቶታል፤ አይሆንም ብትሉ ሕክምናው አይጓደልባትም፤ ነገ ሐሳባችሁን ብትቀይሩም ትወጣለች። የመጨረሻውን ሁለቴ ነው የምናገረው፣ ምክንያቱም እኛ አገር ለነጭ ጋውን እምቢ ማለት የማይችል ሰው ብዙ ነው። አንዳንዱ ገና ሳልጨርስ «እናንተ ያላችሁት ይሁን» ይለኛል። እሱን ፈቃድ ብዬ አልወስደውም። ወንበር ስቤ እንደገና እጀምራለሁ።

አንድ ነገር ላስቸግራችሁና ላብቃ። ሰው አይሲዩ ስታስገቡ ነርሷ ሁለት ስልክ ቁጥር ብትጠይቃችሁ የሚሠራ ስጡ። አንዱ የእናንተ፣ ሌላው ከሕመምተኛው ጋር አብሮ የሚኖር ሰው። በወሩ የምንደውለው ሂሳብ ቀርቶባችሁ አይደለም፤ ሰውየው አለ ወይ፣ ቆሞ ይሄዳል ወይ፣ ራሱ ይበላል ወይ ብለን ለመጠየቅ ነው። ከመቶ ሦስት ሰው የሚሆን ልዩነት ስንፈልግ ከመቶ አሥሩ ስልካቸው ዝግ ከሆነ ያ ሁሉ ልፋት ውኃ በላው፤ የሚጠፉት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሩቅ ገጠር የመጡት ናቸው። ሞቶም ከሆነ ስልኩን አንሱልን፣ በደንብ አድርገን ነው የምናናግራችሁ።